ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ

በየአራት ዓመቱ የካቲት ሲገባ ያው ቁጭት ይቀሰቀስብኛል። የክረምት ኦሎምፒክ ይከፈታል፤ የአገሮች ሰንደቅ ዓላማ በየተራ ይገባል፤ የእኛው የለም። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። «በረዶ የሌለው አገር በበረዶ ውድድር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» ይለኛል። ነገሩን ሞክረነው የማናውቅ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬው በሳቅሁ። ነገር ግን ሞክረነዋል። በሩ ተከፍቶልን ገብተናል። ከዚያ ማንም ሳያባርረን በገዛ እግራችን ወጣን፤ አንጀት የሚያሳርረውም ይኸው ነው።

በሩን የከፈተው ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። አጼ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ወር፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ተራሮች፣ ሌክ ፕላሲድ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተማረ። ሌክ ፕላሲድ ትንሽ ትሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሎምፒክን ሁለት ጊዜ ያስተናገደች ናት። እዚያ የሚያድግ ልጅ ስኪን የሚለምደው የእኛ ሰፈር ልጆች የጨርቅ ኳስ እንደሚለምዱት ነው፤ ማን እንዳስተማረውና መቼ እንደጀመረ እንኳ በቅጡ አያስታውስም። ሮቤልም ለመደው። ጎበዝም ስለሆነ የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ በስኪ ስኮላርሺፕ ተቀበለው።

ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስኪ ጥቂት ማለት አለብኝ። ያባከንነው ነገር ምን ያህል እንደነበረ የሚገባን ያኔ ነውና። የኮሌጆች ብሔራዊ የስኪ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ ውድድር ነው። ከተራራ ቁልቁል የሚወርዱትና አገር አቋራጮቹ፣ ወንዶቹና ሴቶቹ ነጥባቸው ተደምሮ ዋንጫው ለአንድ ትምህርት ቤት ይሰጣል። አንድ ትምህርት ቤት ቢበዛ 12 ሰው ያሰልፋል፤ ከእነዚህ መካከል የወንድ አገር አቋራጮቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ለዚያ ቦታ የሚጋፉት ደግሞ የአሜሪካ ልጆች ብቻ አይደሉም። ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከጀርመን በስኮላርሺፕ የሚመጡ፣ መራመድ ሲጀምሩ ስኪ የተጫሙ ወጣቶች አብረው ይሰለፋሉ። በምሥራቁ ክፍል ዳርትመዝ፣ ቨርሞንት፣ ሚድልበሪ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ሌሎቹም ካርኒቫል በሚሉት ውድድር በክረምቱ ሳምንታት እየተገናኙ ይፋለሙ ነበር።

የሚፋለሙት ደግሞ በሁለት ዓይነት ስልት ነው። ክላሲክ በሚባለው ሯጩ በበረዶው ላይ በተሰመሩ ሁለት ትይዩ ቦዮች ውስጥ ሆኖ፣ አንዱን እግር ረግጦ በሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ፍሪስታይል በሚባለው ደግሞ ስኪውን ወደ ጎን እየገፋ ይቀዝፋል። የመሮጫው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ዳገት፣ አንድ ሦስተኛው ቁልቁለት፣ የቀረው ወጣ ገባ ነው። በረዶው ደረቅ ሲሆንና እርጥብ ሲሆን፣ ብርዱ ሲጠናና ሲላላ ከስኪው ሥር የሚቀባው ሰም ይለያያል፤ ሰሙን የሳተ ሯጭ ዳገቱ ላይ ወደኋላ ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ በሰውነት ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ትልቅ ሳንባ ብቻውን አያደርስም። ከልጅነት የተጀመረ ልምድ፣ ጥሩ አሰልጣኝና በየሳምንቱ የሚገጥሙት ጠንካራ ተፎካካሪ ያስፈልጋል። ሮቤል ሦስቱንም ያገኘ ሰው ነው። በአገራችን ስም ለመሮጥ የፈለገ፣ የተሟላ የስኪ ትምህርት የቀሰመ አንድ ሰው ነበረን ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጭቱ። የአገር አቋራጭ ስኪ ሯጭ ጉልበቱ የሚበስለው ከሃያዎቹ አጋማሽ እስከ ሠላሳዎቹ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። የናጋኖ ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲካሄድ ሮቤል 23 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ኦሎምፒኩ እሱ ወዳደገበት አገር፣ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሲመጣ 27 ሞልቶት ነበር። በሁለቱም ላይ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ሮቤል ይበቃ ነበር ወይስ አይበቃም የሚለው እንኳ የሚፈተንበት መንገድ አልነበረም። አንድ ስኪ ሯጭ «እኔ እችላለሁ» ብሎ ብቻውን ኦሎምፒክ አይገባም። አገሩ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን አባል መሆን አለባት፤ ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ሊያስመዘግበው፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ሊልከው ይገባል። በአትሌቲክስ ስሟ ዓለምን የሞላው ኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትም። ስለዚህ ኮሌጁ ሲያልቅ መንገዱም አለቀ። ሌላው አገር ልጆቹን ከኮሌጅ ተቀብሎ ወደ ብሔራዊ ቡድን በሚያሳድግበት ዕድሜ፣ የእኛው ልጅ የሚቀበለው አጣ።

ቢቸግረው ፌዴሬሽኑን ራሱ አቋቋመው። ወደ ተወለደባት ከተማ ተመልሶ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ባለ ጎማ ስኪ ተጫምቶ ዘንጉን እየተከለ ተለማመደ። የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) በቱሪን ኦሎምፒክ፣ ፕራጄላቶ በተባለው የጣሊያን የተራራ መንደር፣ የ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ውድድር ላይ ተሰለፈ። በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ቡድኑ ማለት እሱ ነበር፤ ሰንደቅ ዓላማውንም የያዘው እሱ ነበር። 31 ዓመቱ ነው። የኢስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ አሸነፈ፤ ሮቤል ከ80ኛ በኋላ ጨረሰ። ከእሱ በኋላ የገቡም ነበሩ።

እኛስ ምን አደረግን? አጃኢብ አልን። «ኢትዮጵያዊ በበረዶ ላይ!» ተባለ፤ ፎቶው ታየ፤ ወሬው ሞቀ፤ ከዚያ በረደ። ነገሩን እንደ ትንግርት ነው የተቀበልነው፤ ትንግርት ደግሞ ይታያል እንጂ አይቀጠልም። «ስንተኛ ወጣ?» ብለን ጠየቅን፤ ቁጥሩን ሰማን፤ ፋይሉን ዘጋን። መጠየቅ የነበረብን ሌላ ነበር። ይህ ሰው የሚያውቀውን ለስንት ልጅ ማስተማር ይችላል? ባለ ጎማ ስኪ ስንት ያወጣል? ለልምምድ የሚሆን የአስፋልት ዳገት የትኛው ክፍለ ከተማ ውስጥ አለ? ከሩጫ ክለቦቻችን የትኛው ሁለትና ሦስት ልጅ ይሰጠዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በቁም ነገር ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሁለተኛ ሰው ይኖረን ነበር።

ሁለተኛ ሰው ግን አልመጣም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010)፣ በቫንኩቨር ኦሎምፒክ 15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል ሲሮጥ አሁንም የኢትዮጵያ ቡድን ሮቤል ብቻ ነበር። 35 ዓመቱ ነው። የስዊዘርላንዱ ዳሪዮ ኮሎኛ ወርቁን ወሰደ፤ ሮቤል ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ጋር ገባ። ዕድሜው መሄዱን ሁሉም ያውቅ ነበር። ጊዜው ዱላውን የሚያቀብልበት ነበር፤ እጁን ዘርግቶ የጠበቀው ግን አልነበረም። ሶቺ 2014 ደረሰ፤ ኢትዮጵያ የለችም። ፒዮንግቻንግ 2018 መጣ፤ የለችም። ቤጂንግ 2022፤ የለችም። የፌዴሬሽኑ ዕድሜ በአንድ ሰው ጉልበት ዕድሜ ተለካ።

ይባስ ብሎ ከእኛ ያነሰ የነበራቸው ሲሄዱ አየን። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት የ800 ሜትር ሯጭ ነበር፤ ፊንላንድ ተወስዶ ስኪ ለመደና እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። መጨረሻ ወጣ። ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ወርቁን ከወሰደ 20 ደቂቃ ያህል በኋላ ነበር የገባው፤ ዴሊ መጨረሻው መስመር ላይ ጠብቆ አቀፈው። ቦይት ግን አንዴ ታይቶ አልጠፋም፤ በ2002ም በ2006ም ተመልሷል። የቶንጋው ፒታ ታውፋቶፉዋ የመጣው የዘንባባ ዛፍ ካለበት ደሴት ነው። አብዛኛውን ነጥቡን በባለ ጎማ ስኪ ውድድር ለቃቅሞ፣ የቀረውን አይስላንድ በረዶ ላይ ሞልቶ ፒዮንግቻንግ ገባ። እዚያው ውድድር ላይ የ43 ዓመቱ ሜክሲኳዊ ኸርማን ማድራሶ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በመጨረሻ ሲገባ፣ አሸናፊው ያው ዳሪዮ ኮሎኛ ቆሞ ተቀብሎታል። በዚያው ዓመት ኤርትራ ካናዳ ተወልዶ ባደገው ሻነን አቤዳ አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የክረምት ኦሎምፒክ ገባች፤ ቤጂንግም ላይ ተመለሰች። ጎረቤት የውጭ አገር ልጁን ጠርቶ ሲያሰልፍ፣ እኛ ቀድመን የጀመርነውን መንገድ ሣር አበቀልንበት።

የቁጭቱ ሥር ግን ከዚህም ይጠልቃል። አገር አቋራጭ ስኪ ከስፖርቶች ሁሉ ሳንባንና ልብን እጅግ ከሚፈትኑት አንዱ ነው። በላቦራቶሪ ከተመዘገቡት ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታ መጠኖች ብዙዎቹ የስኪ ሯጮች ናቸው። በዓለም አቀፉ ደንብ የመሮጫው ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ነው ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የጥሩነሽና የቀነኒሳ አገር በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሌሎች ገንዘብ ከፍለው ለሳምንታት የሚወጡበት ከፍታ ላይ የእኛ ልጅ ተወልዶ፣ ከብት አግዶ፣ ትምህርት ቤት ተመላልሶ ያድጋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው።

አዎ፣ ሳንባ ብቻውን ስኪ ሯጭ አያደርግም ብያለሁ፤ ቦይትም በመጀመሪያው ውድድሩ ያሳየን ይህንኑ ነው። የጎደለው ቴክኒኩ ነው። ቴክኒኩን ደግሞ በልጅነቱ የቀሰመና በኮሌጅ ውድድር የተሞረደ ሰው እጃችን ላይ ነበረ። በአንድ በኩል በሺህ የሚቆጠር ሳንባ፣ በሌላ በኩል አንድ አስተማሪ፤ ሁለቱ በአንድ ከተማ ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ስለዚህ የሮቤል ትልቁ ዋጋ ከ80ኛ ወይም ከ90ኛ ደረጃው ጋር አይገናኝም። በ31 ዓመቱ ሜዳሊያ እንዲያመጣ መጠበቅ የዋህነት ነበር። ዋጋው አስተማሪነቱ ነበር። እኛ በሯጭነቱ ለክተን አናሳነው፤ በአስተማሪነቱ ሳንጠቀምበት አለፈ።

«ውጤት ያላመጣ ነገር ለምን ይቀጥላል?» የሚለኝ ሰው የራሱን አገር ታሪክ ረስቷል። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ የገባችው ሜልቦርን ላይ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሜዳሊያ አላገኘችም። ማሞ ወልዴ በ800 እና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ከማጣሪያው አላለፈም። ያኔ «ይብቃን፣ ሩጫ ለእኛ አልተፈጠረም» ያለ ቢኖርና ብንሰማው ኖሮ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አይሮጥም ነበር። ማሞም ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ባላጠለቀ። አበበን ያሰለጠነው ኦኒ ኒስካነን ደግሞ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ከስዊድን፣ ከስኪ አገር ነው። የበረዶ አገር ሰው ሩጫችንን ሲያቃና እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየንም። የእኛ ሰው ወደ በረዶው ሲሄድ ግን ቀልድ መሰለን።

አሜሪካም ብትሆን በዚህ ስፖርት ትዕግሥትን ተምራለች። የቨርሞንቱ ቢል ኮክ እ.ኤ.አ. በ1976 ኢንስብሩክ ላይ ብር አገኘ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አገር አቋራጮች 42 ዓመት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በ2018 ኪካን ራንዳልና ጄሲ ዲጊንስ የመጀመሪያውን ወርቅ እስኪያመጡ ድረስ ክለቦቹ አልተዘጉም፤ የኮሌጅ ቡድኖቹም ልጅ ማሠልጠናቸውን አልተዉም። ሀብታሟ፣ በረዶ የሞላት አሜሪካ 42 ዓመት ጠበቀች። እኛ ከቱሪን እስከ ቫንኩቨር አራት ዓመት ሞክረን ደከመን።

ገንዘቡን የሚያነሳ ይኖራል። አገር ስንት ችግር እያለበት ለስኪ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። ማንም ሰው እንጦጦ ላይ የበረዶ ማሽን ይተከል አላለም። ፌዴሬሽን ማለት ደንብ፣ ማኅተም፣ ደብዳቤ የሚመልስ ጸሐፊና በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ የማይቋረጥ አባልነት ነው። ልምምዱ በባለ ጎማ ስኪ በአስፋልት ላይ ይጀመራል። በረዶው ደግሞ ልጆቻችን አሁን ባሉበት አገር በነጻ ይወርዳል። ለብዙ ዓመታት በርቀት ውድድር ከ300 የዓለም አቀፍ ነጥብ በታች ያስመዘገበ ሯጭ፣ አገሩ ታላላቆቹ ካሉበት ተርታ ባትሆንም አንድ ቦታ የሚያገኝበት በር ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ነጥቡ ባነሰ መጠን ሯጩ ይሻላል፤ 300 ማለት ለሻምፒዮኖቹ ሩቅ፣ ለጎበዝ የኮሌጅ ሯጭ ግን ቅርብ ነው። በሩ የተሠራው እንደ እኛ ላሉት ነው።

ለዚህ ነው ቁጭቴ ያለፈውን ብቻ የማይመለከተው። ዛሬ የኢትዮጵያውያን ልጆች የት እንደሚያድጉ እዩ። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ናቸው፤ በኮሌጅ ስኪ ታሪክ ከማንም በላይ ብሔራዊ ዋንጫ የወሰደው የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ናቸው፤ በሚኒሶታ አገር አቋራጭ ስኪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መደበኛ ስፖርት ነው፤ በሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ባለው የቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ዋንጫ ውድድር ተካሂዷል። ኦስሎ ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ሰው ስኪውን ተሸክሞ የከተማ ባቡር ይሳፈርና ማታ መብራት በሚበራለት ጫካ ውስጥ ይሮጣል። ስቶክሆልም ውስጥም አሉ። በመኸር በትምህርት ቤቱ የአገር አቋራጭ ሩጫ አንደኛ የሚወጣው አበሻ ልጅ፣ በረዶው ሲወርድ ጓደኞቹ ስኪ ሲጫሙ እሱ ቤቱ ይገባል። አሰልጣኙ «ና» ሲለው ወላጅ «ይበርደዋል፣ ይሰበራል፣ ትምህርቱን ይጎዳል» ይላል። ሮቤል ግን በዚሁ ስፖርት ነው የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ያገኘው።

አንድ ሰው አባከንን፤ የእሱን ምርጥ ዓመታት መመለስ አይቻልም። የሚቀጥለውን ግን ማባከን የለብንም። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በኖርዌይና በስዊድን ያላችሁ ወላጆች፣ የ12 ዓመት ልጃችሁ የትምህርት ቤቱን የስኪ ቡድን ልግባ ብሎ ወረቀት ይዞላችሁ ቢመጣ ፈርሙለት። አዲስ አበባ ያላችሁ የስፖርት ኃላፊዎች፣ ያ ልጅ 20 ሲሞላው ስሙን የሚያስመዘግብለት፣ ደብዳቤውን የሚመልስለት ፌዴሬሽን ይጠብቀው። ሮቤል በ23 ዓመቱ ያጣው ይህንኑ ነበር፤ ራሱ ሠርቶት ቱሪን እስኪደርስ ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ።